«ገብቶናል» ይላሉ፤ ሥራው ግን ሌላ ሆኖ ይወጣል፦ ለአንድ የስፌት መስመር ኃላፊ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ ከኦፕሬተርነት አድጌ የመስመር ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። በሥሬ 40 ያህል ሠራተኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ ጥቂቶቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ጠዋት ሥራውን ሳስረዳ ሁሉም «ገብቶናል» ይላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ስታየው ግን ግማሹ ተፈትቶ እንደገና እንዲሰፋ ይመለሳል። የውጭ ዜጋ የሆነው ቴክኒሻን እኔ ላይ ይጮኻል፤ እኔም ሠራተኞቹ ላይ እጮኻለሁ። ድሮ ጓደኞቼ የነበሩት አሁን ስቀርብ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። የመግባባት ችሎታ ሥልጠና ልውሰድ ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?

ምላሽ፦ ለመጨረሻው ጥያቄዎ አጭር መልስ ልስጥና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ሥልጠናው ባይጎዳዎትም ችግርዎን አይፈታልዎትም፤ ከገለጹት እንደምረዳው የንግግርዎ ግልጽ አለመሆን ዋናው ጉዳይ አይደለምና። በደሴና በኮምቦልቻ ባሉ መሥሪያ ቤቶች በሰው ኃይል አስተዳደር አማካሪነት ስሠራ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር ቢኖር፣ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ መብዛቱ ነው፤ ስብሰባ አለ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ ይህ ሁሉ ካልሠራም ጩኸት አለ። ጥያቄ፣ ጥርጣሬና መጥፎ ዜና ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ግን ወይ ጭራሹን የለም፣ ወይም ደፍሮ የሄደበትን ሰው ዋጋ ያስከፍላል። እርስዎ ዘንድም የተዘጋው ይኸው የመመለሻው መንገድ ይመስለኛል።

እስኪ ጠዋት የሚሆነውን ከሠራተኛዋ ወገን ሆነው ይመልከቱት። ከሐርቡ ወይም ከደጋን መጥታ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ ከ40 ሰው መካከል ቆማለች። ማሽኖቹ እየተነሡ ነው፤ የሰዓት ምርቱ የሚጻፍበት ሰሌዳ ከፊቷ ተሰቅሏል። እርስዎ አስረድተው ሲያበቁ «ገባችሁ?» ይላሉ። «አልገባኝም» ብትል በሰው ሁሉ ፊት ዘገምተኛ መሆኗን በራሷ አንደበት መሰከረች፤ መስመሩን አዘገየች፤ የጓደኞቿንም ታርጌት ነካች። ዝም ብላ ብትስማማ ግን ለጊዜው ምንም አይደርስባትም፤ ጥፋቱ ከታየም የሚታየው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም ከሌሎች ጋር ተከፋፍላው። ስለዚህ መልሷ ከግድየለሽነት የመጣ አይደለም፤ ያለችበትን ሁኔታ አስልታ የሰጠችው መልስ ነው። በዚህ ላይ ታላቅ ሲናገር ዐይንን ሰበር አድርጎ መስማትና ደጋግሞ አለመጠየቅ ከቤት ይዛው የመጣችው ጨዋነት ነው። ቴክኒሻኑ ይህንኑ ዐይን መስበር የመደበቅ ወይም ያለመስማት ምልክት አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ እርስዎ ግን እዚሁ ያደጉ ነዎትና ይህን ልዩነት ማስረዳት ከእርስዎ ይጠበቃል።

ይህ የእኛ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳይመስልዎ። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ በቴነሪፌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጉም በሸፈነው ማኮብኮቢያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን ለመነሣት መንደርደር ከጀመረ በኋላ የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልወጣ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። በኩባንያው ውስጥ አንቱ የተባለ አሠልጣኝ የነበረው ካፒቴን መውጣቱን በእርግጠኝነት ነገረውና ሩጫውን ቀጠለ፤ መሐንዲሱም ጥያቄውን አልደገመም። ካፒቴኑም መሐንዲሱም የተማሩ፣ ልምድ ያላቸውና ለአንድ ኩባንያ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ በመካከላቸው የነበረው የማዕረግ ርቀት ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ዋጠው። የአቪዬሽኑ ዓለም ከዚያ በኋላ ካፒቴን እንዲጠየቅ፣ ረዳትም ደፍሮ እንዲናገር የሚያደርግ ሥልጠና ዘረጋ። ከመቆጣጠሪያ ማማ የሚሰጥ የመነሻ ፈቃድም ቢሆን ፓይለቱ ሰማሁ በማለቱ ብቻ አይታለፍም፤ የተባለውን መልሶ ሲናገርና ማማው ሲያዳምጠው ነው ደረሰ የሚባለው።

እርስዎም ከነገ ጀምሮ ማድረግ የሚችሉት ይህንኑ ነው፤ በስፌት ቤት ደግሞ ከንግግር የተሻለ መመለሻ አለ፣ እርሱም የተሰፋው ጨርቅ ራሱ ነው። በአንድ ፋብሪካ የተመለከትኩትን ላንሣ። ደንበኛው በሸሚዝ ኮሌታ ላይ የሚሄደው የላይ ስፌት ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር መሆኑ ቀርቶ 4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አዝዟል። ሱፐርቫይዘሩ ጠዋት መስመሩን ሰብስቦ «ኮሌታውን ዛሬ ትንሽ ወደ ጠርዙ አስጠጉት» አለ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከማሽኖቹ ላይ የተነሡትን ኮሌታዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንደኛዋ በ5 ሚሊ ሜትር፣ ሌላዋ በ2 ሚሊ ሜትር ሰፍታለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ የተባለው ኮሌታው ከአንገቱ ጋር የሚጋጠምበት ስፌት መስሏት የላይ ስፌቱን እንደ ድሮው ትታ መጋጠሚያውን አጥብባለች። ሦስቱም ታዛዦች ነበሩ፤ ሦስቱም «ትንሽ» የተባለውን በየራሳቸው ልክ ሞልተውታል። ሱፐርቫይዘሩ አርባውንም በአንድ ላይ ከማናገር ይልቅ ኮሌታ የሚሰፉትን አራት አምስት ሰዎች ብቻ ወደ አንድ ማሽን ጠርቶ፣ 4 ሚሊ ሜትሩን በማስመሪያ ለክቶ፣ በማሽኑ ገበታ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጎና ትክክለኛውን ናሙና ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ ቢያሳያቸው ኖሮ ነገሩ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር።

ከማሳየቱ በኋላ የሚመጣው እርምጃ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ ብዙ ኃላፊ ግን ይዘለዋል። እያንዳንዷ ሠራተኛ አንድ አንድ ትስፋና እርስዎ ለክተው እስኪመልሱላት ድረስ ሁለተኛውን አትጀምር። ሲጠይቋትም ሸክሙን በእርስዎ ላይ ያድርጉት፤ «ገብቶሻል ወይ?» ከማለት «በደንብ አስረድቼሽ እንደሆነ ልየው፣ እስኪ አንድ ስፊልኝ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ልጅቷን ይፈትናታል፤ ሁለተኛው እርስዎን ነው የሚፈትነው፣ እርሷም ብትሳሳት አታፍርም። ቴክኒሻኑ መስመሩ ለሩብ ሰዓት ለምን ቆመ ብሎ መቆጣቱ የማይቀር ነው። መልስዎ ቁጥር ይሁን፤ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚፈታውን ልብስ ብዛት ከሰዓት ምርቱ ሰሌዳ ጎን ያስጽፉ። የፋብሪካ ሰው በቃል ሲከራከሩት ይጮኻል፤ ሰሌዳ ሲያሳዩት ግን ማስላት ይጀምራል።

ስለ ጩኸቱ ያነሡትን ነገር ቀለል አድርጌ ላልፈው አልችልም። በስፌት ቤት መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ተለቅሞ በመዝገብ ላይ እንዲለጠፍ፣ አንዲት ቁራጭ እንኳ ከጎደለች በአካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ እንዲፈተሽ፣ አዲስ መርፌም አሮጌው ሳይመለስ እንዳይሰጥ የሚያዘው ደንብ ለምን እንደወጣ ያውቃሉ፤ ቁራጩ በሕፃን ልብስ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ነው። አሁን መርፌ የሰበረች ልጅ ትናንት ጓደኛዋ በዚሁ ምክንያት በመስመሩ ሁሉ ፊት ስትሰደብ ሰምታለች እንበል። መርፌ ከጎረቤቷ ተበድራ፣ የተሰበረውን በወረቀት ጠቅልላ በኪሷ ከትታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ደንቡ በግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው፣ ሥልጠናም ወስዳበታለች፤ ያላስናገራት የትናንቱ ጩኸት ነው።

የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና ያገኘችው ውጤት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ጥሩ የሚሠሩት የነርሶች ቡድኖች ጥቂት ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ስትጠብቅ በመዝገብ ላይ ብዙ ስሕተት የተገኘባቸው እነርሱ ሆኑ። ምክንያቱን ስትመረምር ብዙ ስለተሳሳቱ ሳይሆን ስሕተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ መሆኑን ተረዳች። ስለዚህ በእርስዎ መስመር በመጀመሪያው ወር የመርፌ ስብራትና የብልሽት ሪፖርት ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ አለቃዎም እንዳይደነግጥ ቀደም ብለው ይንገሩት። መጥፎ ዜና ይዛ የምትመጣ ሠራተኛ መጀመሪያ ልትሰማ የሚገባት «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ የት ላይ ነው?» የሚለውን ነው፤ ጥፋት ካለ፣ በኋላ ለብቻዋ፣ ከማሽኑ ራቅ ብሎ ይነገራታል። ይህን ስል ሥርዓት ይላላ ማለቴ አይደለም፤ አውቆ የሚያጠፋና ደጋግሞ የሚቀር ሠራተኛ በሕጉ መሠረት ይጠየቃል። ሳያውቁ ማጥፋትንና አውቆ መደበቅን በአንድ ዓይነት ቁጣ መቅጣት ግን ሰዎች ሁለተኛውን እንዲመርጡ ያስተምራቸዋል።

ወደ ቴክኒሻኑ እንምጣ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከውጭ ባለሙያ ጋር መሥራት በከተማችን የተለመደ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ በመካከል የሚቆመውን አስተርጓሚ በወጉ ያሰበበት ድርጅት ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አስተርጓሚ የሚሆነው እንግሊዝኛ የሚሞክር ወጣት ጸሐፊ ወይም የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ እርሱም የሁለቱንም ወገን ቁጣ ስለሚፈራ ከላይ የመጣውን ያጠነክራል፣ ከታች የመጣውን ያለዝባል። ሠራተኛዋ «ይህ ክር ይበጠሳል፣ በዚህ ፍጥነት አይሆንም» ስትል ለቴክኒሻኑ የሚደርሰው «ትሞክራለች» የሚል ይሆናል። እንግዲህ አስተርጓሚውን ምንም ሳይጨምር፣ ሳይቀንስና ሳያለሰልስ እንዲያስተላልፍ በቴክኒሻኑ ፊት ይጠይቁት፤ አደራው በግልጽ ከተሰጠው የሚመጣው ቁጣ የእርሱ ጥፋት አይሆንም። ቴክኒሻኑንም ከመናገር ይልቅ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ በእጁ እንዲሠራው ይለምኑት፤ የሚጮኹ ቴክኒሻኖች እንኳ በእጃቸው ሲያሳዩ ትዕግሥተኞች ሆነው አይቻቸዋለሁ።

ሰዓትና ቀንም ከዚህ ጋር አብረው ይታዩ። የውጭ ዜጋው 8 ሰዓት ሲል ጠዋት ነው፣ በእኛ 2 ሰዓት፤ የእኛ ሠራተኛ 8 ሰዓት ሲባል የሚታየው ከምሳ በኋላ ነው። ቀን ደግሞ የባሰ ነው። በአንድ የጭነት ወረቀት ላይ 5/9 ተብሎ የተጻፈ ቀን ግንቦት 5 ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን እንደ አጻጻፉ ሴፕቴምበር 5 ወይም ሜይ 9 ሊሆን ይችላል። ኮንቴነር የሚጫንበት ቀን በዚህ ዓይነት ሲምታታ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለመለየት የሚፈጀው ስብሰባ ከሥራው ይረዝማል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ፣ ሰዓቱን ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ብሎ መለየትና ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ማስፈር ምንም ወጪ የለውም።

በሁለት ፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ርክክቡን ለብቻው ይዩት፤ ካየኋቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ የሚወለዱት እዚያ ነው። ወጪው ፈረቃ ለሰርቪስ ይቸኩላል፤ ገቢው ፈረቃ ደግሞ፣ በተለይ በክረምት ከደሴ የሚወርደው ሰርቪስ በሐረጎ ጉም ሲዘገይ፣ አርፍዶ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ይሮጣል። ሁለቱ ሱፐርቫይዘሮች በር ላይ እየተላለፉ የሚለዋወጡት «ሰላም ነው? ሰላም ነው» ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ርክክቡ በመዝገብ ይሁን፤ የትኛው ማሽን ምን ችግር እንዳለበት፣ የትኛው ትእዛዝ የት ላይ እንደቆመ፣ ምን እንደተለወጠና ምን እንደሚጠበቅ ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከተቻለ መስመሩን አብራችሁ አንድ ጊዜ ዙሩት፤ ያልተጻፈው በዐይን ይታያል። ሰርቪሱ ካረፈደ ደግሞ መዝገቡ ቢያንስ በወጪው ሰው ምትክ ይናገራል።

ስለ ጽሑፍና ድምፅ አጠር አድርጌ ልለፍ። የሽመና አዳራሽ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል፤ የስፌት አዳራሽ ከዚያ ቢሻልም ከኋላ የቆመ ሰው ማሽን ተነሥቶ ሳለ የሚባለውን አይሰማም፤ ስለዚህ የጠዋቱ ማብራሪያ ማሽን ከመነሣቱ በፊት ይደረግ። የቴሌግራም ግሩፕ ስማርት ስልክ ለሌላት፣ ዳታ ላለቀባት ወይም ስልኳን በር ላይ አስረክባ ለምትገባ ሠራተኛ አይደርስምና የሥራ ትእዛዝ በእርሱ ብቻ አይተላለፍ። ከከሚሴና ከአካባቢዋ የመጡ አፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ የሆነ ሠራተኞች ካሉ የአደጋ ማስጠንቀቂያው በሁለቱም ቋንቋ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይቀናቸው ደግሞ ሥዕል ይጨመርበት። ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኞች ስለ ሥራቸው አደገኛነትና ሊወስዱት ስለሚገባ ጥንቃቄ በአግባቡ እንዲያውቁ ማድረግን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ባልገባት ቋንቋ የተለጠፈ ወረቀት አሳውቄያለሁ ለማለት እንደማያበቃ ለአስተዳደሩ ማስታወስ ይችላሉ።

እርስዎ ሲቀርቡ ጓደኞችዎ ወሬ ማቋረጣቸው ይሰማዎት ይሆናል፤ ነገር ግን ከፊሉ ተገቢ ነው። አሁን የሥራ አፈጻጸማቸውን የሚሞሉት እርስዎ ነዎት፤ በፊትዎ እንደ ድሮው ሁሉን ቢያወሩ ነበር የሚገርመኝ። ወዳጅነቱን ለማስመለስ ብለው ከጥቂቶቹ ጋር ብቻ ቡና መጠጣት ወይም የቢሮ ምስጢር ማካፈል ግን የቀሩትን ያርቅብዎታል። በዕድሜ የሚበልጡዎትን በተመለከተ፣ ማዕረግ አገኘሁ ብለው ትናንት «እትዬ» ያሏቸውን ሴት ዛሬ በስማቸው አይጥሩ። ትእዛዙ ትእዛዝ ሆኖ ይቀጥል፣ አክብሮቱም አይጉደል፤ ወሎ ውስጥ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ። እንዲያውም እንዲህ ያሉት ሴት ልጆቹ ለእርስዎ የማይነግሩትን ስለሚሰሙ፣ በየጊዜው «መስመሩን ምን አስቸገረው?» ብለው ቢያማክሯቸው ብዙ ያገኛሉ፤ ማን ምን አለ ብለው ግን አይጠይቋቸው፣ ከጠየቋቸው ያ በር የዚያን ዕለት ይዘጋል።

ወሬውም ቢሆን መረጃ ያጣ ሰው የሚሠራው ነው። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ ቀረጥ ነፃ ገበያ ስትታገድ፣ ያውም ኮምቦልቻ ከጦርነቱ ገና በወጣችበት ሰሞን፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ሥራዬ ይቀጥል ይሆን ብሎ መጠየቁ ተፈጥሯዊ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኃላፊ ዝም ሲል ሠራተኛው ዝምታውን በራሱ ይተረጉመዋል፤ ሁልጊዜም የሚተረጉመው ወደ ባሰው ነው። እርስዎ የኩባንያውን የትእዛዝ መጠን ላያውቁ ይችላሉ፤ ቢሆንም የሚያውቁትን፣ የማያውቁትንና መልስ ይዘው የሚመለሱበትን ቀን ለይተው መናገር ይችላሉ። ቀኑ ሲደርስ መልስ ባያገኙ እንኳ ቀርበው «እስካሁን አልተነገረኝም» ይበሉ፤ ቀኑ በዝምታ ካለፈ የሚቀጥለውን ቃልዎን የሚያምን አይኖርም።

ሥልጠናውን በተመለከተ፣ በሆቴል አዳራሽ ለአንድ ቀን ተሰጥቶ በሰርተፊኬትና በፎቶ የሚያልቀውን ዓይነት ከሆነ ጊዜዎን አያባክኑ፤ እኔም እንዲህ ያለውን እንድሰጥ ስጠየቅ መጀመሪያ የርክክብ መዝገቡን አሳዩኝ እላለሁ። ፋብሪካው ለእርስዎ ማድረግ ያለበት ሌላ ነገር አለ፣ እርሱንም በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የናሙና ወይም የልክ ለውጥ ሲኖር ከነሥዕሉና ከነልኩ፣ ከተቻለም ከተሰፋ ናሙና ጋር፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ይድረስዎ። እጅዎ ሲገባ ደግሞ ለቴክኒሻኑ ወይም ለምርት ኃላፊው የተረዱትን መልሰው ይንገሩና አንዱን በፊቱ ሰፍተው ያስለኩት። ከሠራተኞችዎ የሚፈልጉትን ነገር እርስዎ ራስዎ ወደ ላይ ሲያደርጉት ካዩ፣ በማግስቱ «እስኪ አንድ ስፊልኝ» ሲሏቸው እንደ ፈተና አይቆጥሩትም።